የሰበሰበ ሁሉ አመረተ ማለት አይደለም፦ የከተሞች ምርታማነት ልዩነት እንዴት ይለካል?

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የከተማ አስተዳደሮች የሰበሰቡትን ገቢ በቢሊዮን ብር እየጠሩ መግለጫ ያወጣሉ። መግለጫው በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተሞቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በተራ ይደረደራሉ፤ ብዙ የሰበሰበው ጠንካራ፣ ጥቂት የሰበሰበው ደካማ ይባላል፤ አለፍ ሲልም የአንዱ ከተማ ሕዝብ ታታሪ፣ የሌላው ዳተኛ ተደርጎ ይነገራል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2017 የበጀት ዓመት 230 ቢሊዮን ብር ገደማ፣ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ በጀት ማጽደቁን የሰማ ሰው የከተማይቱ ኢኮኖሚ በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ አደገ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ገቢ፣ ምርት፣ ምርታማነትና ቅልጥፍና አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ከተሞች መካከል የሚታየው ልዩነት ሰፊ ድርሻው የሚመነጨው ምርቱ የት እንደተቆጠረ፣ ለከተማው ምን ዓይነት መሠረተ ልማት እንደቀረበለትና ሁሉም ነገር በየትኛው ዋጋ እንደተመዘነ ነው። ይህ ሳይጣራ የሚሰጥ ደረጃ ስለ አስተዳዳሪዎች ብቃትም ሆነ ስለ ነዋሪዎች ትጋት የሚናገረው ነገር እምብዛም ነው።

ገቢ ለምን መለኪያ አይሆንም

በመጀመሪያ ቁጥሩ የተጻፈው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዕቃና ከአገልግሎት ዋጋ ጋር አብረው የሚያድጉ ታክሶች በብር ሲቆጠሩ ያብጣሉ፤ የተሰበሰበው ብር መጨመሩ ግን የተመረተው ዕቃ በዚያው ልክ መጨመሩን አያሳይም። በተቃራኒው የአንድን ከተማ ምርት ወደ ዶላር ቀይሮ ከናይሮቢ ወይም ከኪጋሊ ጋር የሚያወዳድር ሰው ከተማው በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ያህል የደኸየ ይመስለዋል፤ ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን ባለፈው ወር የሰፋውን ያህል ሸሚዝ በዚህኛውም ወር ይሰፋል። በአገሮች መካከል ይህን መዛባት ለማረም የመግዛት አቅም ምጣኔ የሚባል ስሌት ይሠራበታል፤ አንድ ዓይነት የዕቃና የአገልግሎት ስብስብ በየአገሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ ታይቶ ገንዘቡ በዚያ መጠን ይታረማል። በአንድ አገር ውስጥ ባሉ ከተሞች መካከልም ተመሳሳይ እርማት ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባና ጎንደር ውስጥ በ10,000 ብር የሚከራየው ቤት አንድ ዓይነት አይደለምና።

ሁለተኛው የመሬት ሊዝ ነው። አንድ ከተማ መሬት በጨረታ ሲያስተላልፍ ካዝናው ይሞላል፤ ነገር ግን ቀድሞ የነበረ ሀብት የመጠቀም መብቱ እጅ ለወጠ እንጂ አዲስ የተመረተ ነገር የለም። በአንድ ዓመት ብዙ ቦታ ያስተላለፈ ከተማ በሚቀጥለው ዓመት ገቢው ቢቀንስ ምርታማነቱ ወረደ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት የታክስ ሥልጣን ክፍፍሉ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ሲሆን የየራሳቸው የገቢ መሥሪያ ቤት አላቸው፤ እንደ ባሕር ዳር፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ግን ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው የሚሰበሰበው ግብር ከፊሉ የክልሉ ገቢ ነው። በከፍተኛ ግብር ከፋይነት የተመዘገቡ ድርጅቶች ደግሞ ግብራቸውን ለፌዴራሉ የገቢዎች ሚኒስቴር ይከፍላሉ። ስለዚህ ሁለት ከተሞች እኩል ቢያመርቱ እንኳ በመግለጫቸው ላይ እኩል ገቢ ላያሳዩ ይችላሉ።

ምርታማነትና ቅልጥፍና የሚለያዩበት ቦታ

ምርታማነት የምርትና የግብዓት ንጽጽር ነው፤ በጣም የተለመደው መልኩ የከተማው ምርት ለሠራተኛው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው የሠራተኛ ምርታማነት ነው። ቅልጥፍና ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ከተማው በእጁ ካለው ጉልበት፣ ካፒታል፣ መሬትና ኃይል ሊገኝ ከሚችለው ትልቁ ምርት ምን ያህሉን አገኘ? ይህን ትልቁን ሊደረስበት የሚችል ምርት ባለሙያዎች የአቅም ጣሪያ ሊሉት ይችላሉ።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቀላል። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ምናባዊ ከተሞች እንውሰድ፤ ሦስቱም በዓመት 100 መለኪያ ምርት ያመርታሉ። ከተማ ሀ ለዚህ 20 ሠራተኛና 40 መለኪያ ካፒታል፣ ከተማ ለ 40 ሠራተኛና 20 መለኪያ ካፒታል፣ ከተማ ሐ ደግሞ 40 ሠራተኛና 40 መለኪያ ካፒታል ይጠቀማሉ። በሠራተኛ ምርታማነት ብቻ ከታየ ሀ ለአንድ ሠራተኛ 5 መለኪያ ሲያገኝ ለ እና ሐ እኩል 2.5 ያገኛሉ። በዚህ ስሌት ለ እና ሐ እኩል ደካሞች ናቸው። ካፒታል ሲጨመር ግን ሥዕሉ ይቀየራል። ከተማ ለ የሚያመርተው የሐን ያህል ሆኖ የሚወስደው ካፒታል ግማሹን ነው፤ ከእርሱ በተሻለ አኳኋን የሚሠራ ማንም የለም፤ ሰው በዝቶ ማሽን ባነሰበት ቦታ ያለውን አሟጦ እየተጠቀመ ነው። ከተማ ሐን በተመለከተ የሀ እና የለ አሠራር እኩል ቢቀላቀል 100 መለኪያ ምርት በ30 ሠራተኛና በ30 መለኪያ ካፒታል ይገኛል። ሐ የተጠቀመው 40 እና 40 ስለሆነ የቅልጥፍና ነጥቡ 30 ለ40፣ ማለትም 75 በመቶ ይሆናል። ሀ እና ለ ግን ሁለቱም 100 በመቶ ያገኛሉ፤ አንዱ ሀብታም፣ ሌላው ድሃ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

የዚህ አስተሳሰብ መሠረት እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማይክል ፋረል እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ሥራ ነው። በ1978 ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ተሟላ የስሌት ዘዴ ቀየሩትና ዳታ ኢንቬሎፕመንት አናሊሲስ ተባለ። ዘዴው የሚወዳደሩትን ሁሉ ግብዓትና ምርት ወስዶ ከመካከላቸው የተሻሉትን በማገናኘት ጣሪያውን ያወጣል፤ የቀሩትም ከዚያ ጣሪያ ባላቸው ርቀት ይመዘናሉ። ለከተሞች መዋል የጀመረውም ቀደም ብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የ28 የቻይና ከተሞችን የኢኮኖሚ አፈጻጸም የመዘነ ጥናት በዚሁ ዘዴ ታትሟል። ዛሬ ስለ አንድ ቀጠና ከተሞች ቅልጥፍና የሚወጡ ብዙ ጥናቶች የዚያ ዘር ናቸው።

ዘዴው ሁለት ደካማ ጎኖች አሉት። አንደኛው ተወዳዳሪዎች ጥቂት ሲሆኑና የግብዓት ዓይነት ሲበዛ ሁሉም በየፊናው አንደኛ መውጣቱ ነው። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መመሪያ የከተሞቹ ቁጥር ቢያንስ የግብዓቶችና የምርቶች ድምር ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው፤ አራት ግብዓትና ሁለት ምርት ከተወሰደ ቢያንስ 18 ከተሞች ያስፈልጋሉ። ስምንት ከተሞችን በስድስት መስፈርት አወዳድሮ «አምስቱ መቶ በመቶ ቀልጣፋ ናቸው» የሚል ጥናት ስለ ከተሞቹ የነገረን ነገር የለም። ሁለተኛው ችግር ከጣሪያው በታች ያለውን ርቀት በሙሉ እንደ ብክነት መቁጠሩ ነው። ድርቅ፣ ጦርነት ወይም የመረጃ ስሕተት ያመጣው ጉድለት ከአስተዳደር ድክመት ጋር አብሮ ይደመራል። ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1977 የቀረበው ስቶካስቲክ ፍሮንቲየር አናሊሲስ የተባለ ሌላ ዘዴ ርቀቱን የአጋጣሚና የብክነት ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ነገር ግን ክፍፍሉ በሒሳብ ግምት ላይ የቆመ ስለሆነ ብዙ ዓመትና ብዙ ከተማ የሚሸፍን መረጃ ይፈልጋል።

ምርቱ የት ተቆጠረ?

ወደ ከተማ ሐ እንመለስ። የከተማ ሀ 100 መለኪያ ምርት አንድ ሦስተኛው በእርግጥ የተመረተው በሌላ ቦታ ሆኖ የድርጅቶቹ ዋና መሥሪያ ቤት ሀ ውስጥ ስለሆነ ብቻ እዚያ ተመዝግቦ ነበር እንበል። ሲታረም ሀ 100 መለኪያ ለማምረት 30 ሠራተኛና 60 መለኪያ ካፒታል ይፈልጋል ማለት ነው። ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ የከተማ ሐ ነጥብም ከ75 ወደ 90 በመቶ ይወጣል። በከተማ ሐ ውስጥ አንድም ማሽን አልተተከለም፤ አንድም ሠራተኛ አልሠለጠነም፤ የተለወጠው የሌላ ከተማ መዝገብ ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ዋናው የመለኪያ ችግር ነው ማለት ይቻላል። የባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ የቴሌኮምና የትላልቅ አምራቾች ዋና መሥሪያ ቤቶች የተሰባሰቡት አዲስ አበባ ነው። ሲሚንቶው ሙገር ላይ ተፈጭቶ፣ ስኳሩ መተሐራ ላይ ተጨምቆ፣ ሒሳቡ ግን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ መዲናይቱ ውስጥ ነው። አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በአገር ደረጃ ስለሚሰላ በየከተማው ተከፋፍሎ በየዓመቱ የሚወጣ ኦፊሴላዊ አኃዝ የለም፤ ስለዚህ ተመራማሪው ራሱ የሚያከፋፍልበት መንገድ ውጤቱን ይወስነዋል። በሠራተኛ ቁጥር ቢያከፋፍል ፋብሪካ ያለበት ከተማ ይጠቀማል፤ በንግድ ፈቃድ ምዝገባ ቢያከፋፍል አዲስ አበባ ትጠቀማለች።

በሌላ በኩል ከመዝገብ ውጭ የሚቀረው አለ። በኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የትላልቅና መካከለኛ ማኑፋክቸሪንግ ጥናት የሚካተቱት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውና በኃይል በሚሠራ ማሽን የሚጠቀሙ ድርጅቶች ናቸው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ነጠላና ቀሚስ በእጅ ይሸመናል። ይህ ሁሉ ምርት ነው፤ ከጥሬ ዕቃው ዋጋ በላይ እሴት ተጨምሮበታል፤ በዚያ ጥናት መስፈርት ግን አይቆጠርም። የእጅ ሥራና የጥቃቅን ንግድ ድርሻቸው ከፍ ያለ ከተሞች ምርታቸው ሳይቆጠር ሠራተኛቸው ከተቆጠረ ያለ ጥፋታቸው ከተራው ግርጌ ይቀመጣሉ።

የከተማው ወሰንና የነዋሪው ቁጥር

አካፋዩም ከተካፋዩ ያላነሰ ችግር አለበት። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የወጡት ቁጥሮች በሙሉ ትንበያዎች ናቸው፤ የአገር ውስጡ ትንበያ የመዲናይቱን ሕዝብ 4 ሚሊዮን አካባቢ ሲያደርሰው የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ ያደርገዋል። የነፍስ ወከፍ ምርት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቢሰላ ልዩነቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎችን ያስጠለሉት ደብረ ብርሃን፣ ደሴና መቐለ ደግሞ ከትንበያው ጋር ያላቸው ርቀት የበለጠ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ወሰንም እንዲሁ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ ተጠቃልለዋል። ጠዋት ከቡራዩ ተነሥቶ መርካቶ የሚሠራ ሰው ምርቱ በአዲስ አበባ፣ ራሱ ደግሞ በሸገር ይቆጠራል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ የነፍስ ወከፍ ምርት ከእውነቱ በላይ፣ የሸገር ደግሞ ከእውነቱ በታች ሆኖ ይታያል። በኢኮኖሚ ዓይን ሁለቱ አንድ የሥራ ገበያ ናቸው፤ ልዩነታቸው የአስተዳደር ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሣው ማንኛውም የፖለቲካ ክርክር ቢኖርም ለመለኪያ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሠራተኛውና ሥራው በአንድ ክበብ ውስጥ መግባታቸው ብቻ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የተቀበለው አሠራር ይህን ለማስተካከል ይረዳል። በዚያ መሠረት መሬቱ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ሕዋሶች ይከፈላል፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,500 ሰው የሚኖርባቸው ተያያዥ ሕዋሶች በድምሩ 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ሲይዙ ከተማ ይባላሉ። በኢትዮጵያ ቆጠራ ግን 2,000 ሰው ያለበት ቦታ የከተማ መስፈርት ሊያሟላ ይችላል። ሁለቱን አኃዞች ሳይለዩ አገር ከአገር ማወዳደር ትርጉም አይሰጥም።

ትልቅ ከተማ ለምን ብዙ ያመርታል?

ስሌቱ ሁሉ ከታረመ በኋላም አዲስ አበባ ከሌሎቹ ከፍ ብላ መገኘቷ አይቀርም። ለዚህ የሚሰጠው ዋና ማብራሪያ የመሰባሰብ ጥቅም ነው። ብዙ አሠሪና ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቦታ ሲሆኑ ተስማሚው ከተስማሚው ጋር የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ አንድ ጄኔሬተር ጠጋኝ፣ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ አንድ የላቦራቶሪ አገልግሎት ለብዙዎች ይዳረሳል፤ ሙያም ከአንዱ ወደ ሌላው በቅርበት ይሸጋገራል። በበለጸጉ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የከተማ መጠን በእጥፍ ሲያድግ ምርታማነት ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ከሁለተኛዋ ከተማ ከድሬዳዋ ከ10 እጥፍ በላይ ትበልጥ ነበር፤ ይህ መጠኑ ከሦስት ጊዜ በላይ በእጥፍ አድጓል ማለት ስለሆነ በዚያ ምጣኔ ብቻ የሚጠበቀው ብልጫ ከ10 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አንዱ ማብራሪያ የሰው ምርጫ ነው። የተማረውና ሙያ ያለው ሰው ወደ ትልቁ ከተማ ስለሚሄድ ከተማው ምርታማ ያደረገው ይመስላል፤ ግለሰቡ ግን የትም ቢሆን ብዙ የሚያመርት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ የሥራ ገበያ ላይ የታተመ ጥናት በአካባቢዎች መካከል ከሚታየው የደመወዝ ልዩነት እስከ ግማሽ የሚደርሰው ከሠራተኞቹ ክህሎት እንደሚመነጭ አሳይቷል። ከጎንደርና ከጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ተመርቆ ቦሌ የተቀጠረው ወጣትም ምርቱ ለቦሌ፣ የትምህርት ወጪው ለላኪው ከተማ ተጽፎ ይቀራል።

በሌላ በኩል የመሰባሰብ ጥቅም በራሱ የሚመጣ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት የአፍሪካ ከተሞችን የተጨናነቁ፣ ውስጥ ለውስጥ ያልተገናኙና ውድ ሲል ገልጿቸዋል። ሁለት ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ የሚያጠፋ ሠራተኛ አምስት ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ ቢኖርም በተግባር የሚደርስበት የሥራ ገበያ የአንድ መካከለኛ ከተማን ያህል ሊሆን ይችላል።

ሐዋሳ፣ ኮምቦልቻና ድሬዳዋ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአገሪቱ የልብስ ስፌት ዕቅድ ማዕከል አንዱ ነበር። የተስፋው መሠረት ርካሽ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ሲሆን ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነበር። ይኸው ዘገባ ግን ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው ለመተካት ይገደዱ እንደነበር ገልጿል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ደመወዝ ብቻውን ሳይሆን ለአንድ ምርት የሚወጣው የጉልበት ወጪ ነው፤ ደመወዙ ለምርቱ ብዛት ሲካፈል ማለት ነው። ገና መርፌውን ከመልመዷ ሥራውን የምትለቅ ሠራተኛ በ26 ዶላርም ውድ ልትሆን ትችላለች። የመልቀቋ ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የምሽት ትራንስፖርትና የምግብ ዋጋ የከተማው ጉዳዮች ናቸው። ጠበብ ባለች አንድ ክፍል አራት ሆነው የሚያድሩ ሴቶች ነገ በስፌት መስመር ላይ የሚያሳዩት ውጤት ከማዘጋጃ ቤቱ የቤት ልማት ጋር የተያያዘ ነው። የከተማ ቅልጥፍና የሚባለው ነገር ከፋብሪካ ቅልጥፍና የሚለየውም በዚህ ነው።

ከዚያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች፤ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ከሐዋሳ ወጣ። በስሌቱ ላይ ሕንፃው፣ ማሽኑና ኤሌክትሪኩ እንዳሉ ሆነው ምርቱ ብቻ ይቀንሳል፤ ውጤቱም ቅልጥፍና ወረደ ይላል። ምክንያቱ ዋሽንግተን ላይ የተላለፈ ውሳኔ መሆኑን ስሌቱ አያውቅም።

የኮምቦልቻ ነገር የባሰ ነው። ከተማይቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ወድቃ ፋብሪካዎቿ ተዘርፈዋል። ካፒታሉ በመዝገብ እንዳለ ከቀጠለ የተዘረፈ ማሽን እንደ ሥራ ፈት ማሽን ይቆጠራል፤ ከተማይቱም አባካኝ ትባላለች። ይህ ዓይነት ጥናት ቢወጣ ከስሌቱ ይልቅ የካፒታሉን መዝገብ መመርመር ይቀድማል።

ድሬዳዋ የሌላ ዓይነት ምሳሌ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡሩ የበለጸገች፣ አሮጌው መሥመር ሲዳከም አብራ የተዳከመች ከተማ ናት። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ ድሬዳዋ ለወደቡ ያላት ርቀት ከአዲስ አበባው ከግማሽ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ሰፊው ጭነት በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ወደ መዲናይቱ ይሄዳል። ለወደብ መቅረብ ብቻውን አልጠቀመም፤ ገዢው፣ ባንኩና የጉምሩክ ጉዳይ የሚጨርሰው ቢሮ ያሉበት ቦታ የጭነቱን መንገድ ወስኗል።

ለውጥን መለካት

የአንድ ዓመት ደረጃ ፎቶግራፍ ነው፤ የለውጡን አቅጣጫ ለማወቅ በስዊድናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ በስቴን ማልምኲስት ስም የሚጠራው መለኪያ ይሠራበታል። መለኪያው የምርታማነት ለውጥን የሁለት ነገሮች ብዜት ያደርገዋል፦ ከተማው ወደ ጣሪያው ምን ያህል ተጠጋ፣ ጣሪያውስ ራሱ ምን ያህል ከፍ አለ? አንድ ከተማ ከጣሪያው አንጻር 10 በመቶ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ጣሪያው ግን 20 በመቶ ከፍ ቢል 0.9 በ1.2 ተባዝቶ 1.08 ይሆናል፤ ምርታማነቱ በ8 በመቶ አድጓል፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ግን ወርዷል። «ከተማችን ወደ ኋላ ቀረች» የሚለውና «ከተማችን አደገች» የሚለው ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

የኮሪደር ልማትና የካፒታል ጥያቄ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደውና ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የመለኪያውን ችግር በጉልህ ያሳያል። የመንገድ፣ የእግረኛ መንገድና የመብራት ግንባታ በተሠራበት ዓመት እንደ ምርት ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም በወጣበት ወጪ ነው። ስለዚህ በግንባታው ዓመት የከተማው ምርት ማደጉ የሚጠበቅ ነው፤ ስለ ቅልጥፍና የሚናገረው ነገር ግን የለም። በሚቀጥሉት ዓመታት ያው ግንባታ ወደ ግብዓት ጎን ይዛወርና ምን አስገኘ ተብሎ ይጠየቃል። የሥራው ደጋፊዎች የተሻለ መንገድ የጉዞ ጊዜን እንደሚያሳጥር፣ የንግድ ቦታዎችን ዋጋ እንደሚያሳድግና ቱሪስትና ባለሀብት እንደሚስብ ይናገራሉ። ተቺዎቹ በበኩላቸው ከመሐል ከተማ የተነሡ አነስተኛ ነጋዴዎች ደንበኛቸውንና የእርስ በርስ ትስስራቸውን ማጣታቸውን፣ ገንዘቡም ለቤትና ለውኃ ቢውል ይበልጥ ያስገኝ እንደነበር ያነሣሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ሊለካ የሚችል ነገር ነው፤ የጉዞ ጊዜ ከግንባታው በፊትና በኋላ፣ የተነሡት ነጋዴዎች ሽያጭ ከመነሣታቸው በፊትና በኋላ። በእኔ እይታ ክርክሩ እንዲህ ከሮ የቀጠለው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ባለመሰብሰባቸው ጭምር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሰፊው ጥያቄ ቀጣዩ ብር የት ይዋል የሚለው ነው። አንዱ ወገን ምርታማነት ከፍ ባለበት በአዲስ አበባና በአዳማ መስመር ላይ ማተኮር ይሻላል ይላል፤ ሌላው ደግሞ በመቐለ፣ በኮምቦልቻ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርኮችን ያስገነባው የማዳረስ አስተሳሰብ ነው። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ የአማካይ ምርታማነት ነው፤ ይህ ግን ለጥያቄው መልስ አይሆንም። መታወቅ ያለበት የሚቀጥለው አንድ ሚሊዮን ብር በየቦታው የሚያስገኘው ተጨማሪ ምርት ነው። አማካዩ ከፍ ያለ ሆኖ መንገዱ፣ ውኃውና መሬቱ የሞላበት ከተማ ተጨማሪ ብር ሲገባበት ጥቂት ሊያስገኝ ይችላል፤ አማካዩ ዝቅ ያለ ሆኖ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ብቻ የጎደለው ከተማ ብዙ ሊያስገኝ ይችላል። ሁለተኛውም ወገን ግን ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ ሼድ ተሠርቶ ገዢ፣ መንገድና የሠራተኛ መኖሪያ ካልተከተለ ተጨማሪው ምርት ዜሮ አጠገብ ይቀራል።

ባለው መረጃ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይቻላል?

የመረጃውን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ተመራማሪዎች ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ተመዘገቡት የሌሊት ብርሃን የሳተላይት ምስሎች ይሄዳሉ። ዘዴው በሰፊው ሲታይ ጠቃሚ ነው፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ብርሃኑን ያጠፋዋል፤ የኮሪደር ልማቱ አዳዲስ የመንገድ መብራቶች ደግሞ ምርት ሳይጨምር ብርሃኑን ያደምቁታል። ከዚህ የሚሻለው የኢንዱስትሪ ደንበኞች የኤሌክትሪክ ፍጆታ በየከተማው ተለይቶ ቢወጣ ነው፤ ቆጣሪው የሚገኘው ማሽኑ ባለበት እንጂ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት አይደለምና። የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝም ሽያጩ በተፈጸመበት ቅርንጫፍ ተለይቶ ቢታይ የዋና መሥሪያ ቤቱን መዛባት በከፊል ያርመዋል።

አሁን ባለው ሁኔታ ተአማኒ የሚሆነው ንጽጽር ጠባቡ ነው፦ በሐዋሳ፣ በኮምቦልቻና በአዳማ ፓርኮች ውስጥ ተመሳሳይ ማሽን የሚጠቀሙ የስፌት መስመሮችን ወስዶ በአንድ ፈረቃ ለአንድ ሠራተኛ የሚወጣውን ልብስ፣ የሚወድቀውን ምርት መጠን፣ ሠራተኛው የሚቆይበትን ጊዜና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ማወዳደር። ገዢው ውጭ አገር፣ ክሩና ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ፣ ማሽኑም አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚቀረው ልዩነት ከሞላ ጎደል የከተማው ይሆናል፤ የመንገዱ፣ የኃይሉ፣ የቤት ኪራዩና የጸጥታው። ባንክ ቤቱን፣ ክሊኒኩንና የችርቻሮ ንግዱን ለመጨመር ግን ቆጠራውም፣ በድርጅት ደረጃ ያለው መዝገብም አስቀድመው መሟላት አለባቸው።